ከባሕር ዳር ሆኖ ኦንላይን መሥራት፦ የትኛው ቢዝነስ ለማን?

ቶሎ ከሥራ ተገላግለን ዓለምን እንዞራለን የሚሉ ፈረንጆች የሚወዱት አንድ ስልት አላቸው። በዶላር ወይም በዩሮ ያገኛሉ፤ ኑሯቸውን ግን እንደ ታይላንዷ ቺያንግ ማይ ወዳለ ርካሽ ከተማ ያዛውራሉ። የባሕር ዳር ልጅ የዚህን መንገድ ግማሽ ከቤቱ ሳይወጣ ጨርሶታል። የቤት ኪራዩ ቢያማርረንም ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ኑሮው ይቀላል። ከተማውን በባጃጅ ማካለል ይቻላል። መዝናናት ላማረው ደግሞ ጣና ዳር አለ። የቀረው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ገቢ ነው።

ጭንቀቱ ምርጫው ላይ ነው። ፍሪላንስ ልግባ? የዩቲዩብ ቻናል ልክፈት? የዘጌ ቡና በቴሌግራም ልሽጥ? ጉዞ ላዘጋጅ? ወይስ አንድ ፋይል ሠርቼ ደጋግሜ ልቸብችብ? ሰው ሁሉ «የትኛው ብዙ ብር አለው?» ይላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ብሩ በየት በኩል እጄ ይገባል? ኢንተርኔት ሲጠፋስ ሥራው ምን ይሆናል? ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው ሞባይል ኢንተርኔት የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

አንድ ሒሳብ እናስቀድም። «የፋይናንስ ነጻነት» እያሉ ካጠራቀሙት ገንዘብ ብቻ መኖር የሚያልሙ ሰዎች፣ ስንት ማጠራቀም እንዳለባቸው ለማወቅ የዓመት ወጪን በ25 ያባዛሉ። በወር 20,000 ብር የሚያወጣ ሰው በዓመት 240,000 ያወጣል። በ25 ሲባዛ 6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 4 በመቶ እያወጡ መኖር ነው ሐሳቡ። ቀመሩ የተሠራው ግን በአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ ላይ ነው። ያንኑ ብር ቁጠባ ደብተር ውስጥ ማስቀመጥ፣ የዋጋ ንረቱ ከወለዱ እየበለጠ፣ የትም አያደርስም። ስለዚህ ስድስት ሚሊዮኑን ለጊዜው እንርሳው። የወር ወጪን የሚሸፍን ገቢ ይቅደም።

ፍሪላንስ ወይስ ዩቲዩብ?

ሁለቱም «ዶላር አላቸው» ይባላል። ዶላሩ የሚመጣበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ፍሪላንስ ለውጭ ደንበኛ ሠርቶ መከፈል ነው። ትርጉም፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ዲዛይን፣ የሒሳብ መዝገብ፣ ድረ ገጽ መሥራት። ካፒታሉ ላፕቶፕና ችሎታ ነው። ሠሪና ደንበኛ የሚያገናኙ ድረ ገጾች አሉ፤ ፋይቨርና አፕወርክ። ፋይቨር ከምታገኙት 20 በመቶ ይቆርጣል፤ የ100 ዶላር ሥራ 80 ዶላር ሆኖ ይደርሳችኋል። አፕወርክ የሚቆርጠው እንደ ሥራው ከ0 እስከ 15 በመቶ ነው። ይሻላል ትሉ ይሆናል። ግን አፕወርክ ላይ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል ነጥብ ያስፈልጋል። አንዱ 0.15 ዶላር ነው፤ አንድ ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ኮኔክት ይበላል። ባገኘው ማስታወቂያ ሁሉ የሚያመለክት ጀማሪ ሥራ ሳያገኝ ኪሱ ይራቆታል። ኪሱ ቀጭን የሆነ ሰው በፋይቨር ቢጀምር እመርጣለሁ። ናሙና ሥራዎች ያሉት፣ እንግሊዝኛው የማያሳፍር ሰው ግን አፕወርክ ይግባ።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም። «በፔይፓል እልክልሃለሁ» የሚል ደንበኛ ካለ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሌላ መንገድ ተነጋገሩ። የተለመደው ፔዮነር የሚባለው የኦንላይን ክፍያ መቀበያ ነው፤ ካልሆነም በቀጥታ ወደ ባንክ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በባንክ በኩል ለሚገባ ዶላር የሚሰጠው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ዕቃ ለሚገዛ ሁሉ ራስ ምታት ነው። በዶላር ለሚከፈለው ግን በቁሙ የደመወዝ ጭማሪ ሆነለት።

የሥራው ዓይነትም ለባሕር ዳር ይመረጣል። አሜሪካዊ ደንበኛ ሥራ የሚጀምርበት የኒው ዮርክ ጠዋት ሦስት ሰዓት የእኛ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ቀኑን ሙሉ ቻት ላይ መገኘት የሚጠይቅ የረዳትነት ሥራ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያዋርዳችኋል። ትርጉምና ኤዲቲንግ ግን ፋይሉን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ልትሠሩት ትችላላችሁ። መስመር የሚያስፈልጋችሁ ስትልኩ ብቻ ነው። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይኑራችሁ። ቀነ ገደብ ስትሰጡ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩበት። ዘግይቶ የደረሰ ሥራ የሚያመጣው መጥፎ ኮከብ ከፕሮፋይላችሁ ላይ ቶሎ አይለቅም።

ዩቲዩብ ሌላ ነገር ነው። ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል። ለአጫጭር ቪዲዮ ከሆነ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ዕይታ። ያንን ካለፋችሁም ሒሳቡ 100 ዶላር እስኪሞላ አይከፈልም። በዚያ ላይ ይህ የማስታወቂያ ክፍያ ፕሮግራም በሁሉም አገር የለም። ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ዩቲዩብ ራሱ የሚያወጣውን የአገሮች ዝርዝር ተመልከቱ። አንዳንዱ ውጭ ባለ ዘመድ ስም ይከፍታል። ያኔ ገንዘቡ የዘመድ ነው፣ ታክሱ የዘመድ ነው፣ ጭቅጭቁ ደግሞ የጋራ። ቲክቶክ ለፈጣሪዎች የሚከፍለው በጥቂት አገሮች ብቻ ነው፤ ለእኛ ከማስታወቂያ ሰሌዳነት አያልፍም።

ቪዲዮ አትሥሩ ማለቴ አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ የቀረጻችሁት ነገር ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። በበጋ ሄዳችሁ ቀጭን ውሃ ብታገኙ አትገረሙ፤ ወንዙ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ቪዲዮውን ግን ለሌላ ቢዝነስ ደንበኛ መጥሪያ አድርጉት እንጂ የወር ወጪ አትጠብቁበት።

ዕቃ መሸጥ ወይስ ጉዞ ማዘጋጀት?

እነዚህ ሁለቱ በብር ናቸው። ግን ብሩ ቶሎ ይመጣል።

ዕቃ ስል የዘጌ ቡና፣ ማር፣ ስፌት፣ ጋቢና ነጠላ ማለቴ ነው። በቴሌግራም ቻናል ፎቶ ይለጠፋል፣ በቴሌብር ይከፈላል፣ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ቢጠፋም አለመሞቱ ነው። ደንበኛው ይደውላል፤ ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ ይሠራል። ከአምስቱ ምርጫዎች ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእግሩ የሚቆመው ይህ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ የዕቃውም የሒሳቡም። እንበል ኪሎ ቡና ላይ 200 ብር ታተርፋላችሁ። መላኪያና ማሸጊያ 80 ቢወስድ የቀረው 120 ነው። በወር 20,000 ለማግኘት ወደ 167 ኪሎ መሸጥ አለባችሁ። ይህን ሁሉ ማን ያሽገዋል? መናኸሪያ ማን ያደርሰዋል? እናንተ ጎርጎራ ስትዝናኑ እህት ወይም ወንድም ካልተካ ሱቁ ዝግ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ካፒታላችሁ ጆንያ ውስጥ ይቀመጣል። ዘጌ ቤተሰብ ላለው ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ቡናውን ከደጁ ነው የሚያገኘው፣ ታሪኩንም ያውቀዋል። ገዢው ከይርጋጨፌ የሚለይበትን አያውቅም። ጣና ዳር ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከገዳማቱ አጠገብ የበቀለ ቡና መሆኑን ስትነግሩት ነው የሚገዛው። ወደ ውጭ መላክ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ዓለም ነው፤ ዘመድ ጋ የሚሄድ ሁለት ኪሎ ጋር አታምታቱት።

ጉዞ ማዘጋጀት ካፒታል አይጠይቅም ማለት ይቻላል። የምትሸጡት ሰው መሰብሰብን ነው። ጣና ላይ ሞተር ጀልባ የሚከራየው በአብዛኛው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም። ጀልባው 6,000 ብር ነው እንበል። ለሦስት ሰው 2,000፣ ለአሥር ሰው 600 ይደርሳል። በቴሌግራም አሥር የማይተዋወቁ ሰዎችን ለቅዳሜ ጠዋት ማገናኘት በራሱ አገልግሎት ነው፤ በርካሽ መጓዝ የሚፈልግ ሰው ይከፍልበታል። ዝርዝሩን የሚያውቅ አዘጋጅ ግን ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ አጠገቡ ያለችውን እንጦስ ኢየሱስን ወይም ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አስቡ። የገዳማቱ መግቢያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወደብ ላይ ደርሶ የሚነሳ ክርክር ቡድኑን ይበትናል።

አሁን ባለው ሁኔታ የውጭ ቱሪስትን መሠረት አድርጎ ሒሳብ መሥራት የዋህነት ነው። የብዙ አገሮች መንግሥታት ዜጎቻቸውን ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ ያስጠነቅቃሉ። ደንበኛችሁ ለስብሰባ የመጣ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለጥምቀት ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣ ነው። ጉዞ ቢሰረዝ ቀብድ እንዴት እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ጻፉት። ሥራው ካደገ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር አይቀርም።

ለእኔ ከሁለቱ ጉዞው ይበልጣል፤ ሲከስርም ጊዜ እንጂ ብር አያስከስርም። የዘጌ ልጆች ግን አይስሙኝ።

አንዴ ተሠርቶ የሚሸጥ ፋይል

ጥቂት ሰው የሞከረው የሚመስለኝ ይህ ነው፤ የወር ወጪ መቆጣጠሪያ ኤክሴል በአማርኛ። ከውጭ የሚወርዱት 12 ወር ብቻ አላቸው። ዕቁብ የላቸውም። ዕድር፣ ማኅበር፣ የፋሲካ በግ፣ የልጆች የመስከረም ወጪ፣ ጳጉሜን ራሷ የላቸውም። እነዚህን ያስገባ፣ በዕቁብ የሚደርሰውን ብር ከቁጠባ ለይቶ የሚያሳይ ፋይል ደመወዝተኛ ይገዛዋል። ክፍያው በቴሌብር፣ ማድረሻው በቴሌግራም። እናንተ ብትጓዙም ይሸጣል።

ሌባ አለው። አንዱ ገዝቶ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ይልከዋል። ስለዚህ ከሰው ከመለመን መግዛቱ እንዲቀል ዋጋውን ዝቅ አድርጉት፤ ወይም ለቁጠባ ማኅበራትና ለድርጅቶች በአንድ ላይ ሽጡ። ብቻውን የወር ወጪ የሚሸፍን አይመስለኝም፤ ከፍሪላንስ ጎን ግን ጥሩ ሁለተኛ ገቢ ነው።

እንግሊዝኛና አንድ የእጅ ሙያ ላለው ሰው እንግዲህ መነሻው ፍሪላንስ ነው፤ ወር በገባ ቁጥር ከዶላሩ የተወሰነውን ሳይነካ ያስቀምጥ። ሰው መሰብሰብ የሚችል ተግባቢ ሰው በጉዞ ይጀምር። ለሁለቱም ፋይሉ በትርፍ ሰዓት ይሠራል። ሲያልቅ ለነሐሴ መጨረሻ አድርሱት፤ ሰው አዲስ ዓመት ሳይገባ በጳጉሜን ነው «ዘንድሮስ ወጪዬን እጽፋለሁ» የሚለው።