የኋላ ጎማ ወይስ አራቱም? ለሐዋሳና ለሲዳማ ደጋ ክረምት መኪና ስንመርጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ፣ ሐዋሳ ላይ መኪና የሚፈልግ ሰው ከደላላ ጋር የሚያደርገው ክርክር ከካምቢዮና ከናፍጣ ወጥቶ ወደ ባትሪና ወደ ሞተር ብዛት ዞሯል። «ባለ አንድ ሞተር ናት ወይስ ባለ ሁለት?» የሚለው ጥያቄ፣ መኪናዋን የሚገፏት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው ወይስ አራቱም የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባለ አንድ ሞተር ስትሆን ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ የኋላ ጎማዎችን ያዞራል፤ ባለ ሁለት ስትሆን ሌላው ከፊት ይጨመርና አራቱም ጎማዎች ይሠራሉ። ባለ አንድ ሞተር ሁሉ ግን የኋላ አይደለም፤ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ በአንድ ሞተር የምትሄደው በፊት ጎማዎቿ ስለሆነ፣ ገዢው የሞተሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም ቦታ መጠየቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ምርጫ የሚነገረው ምክር አብዛኛው የመጣው ክረምቱ በረዶ ከሆነባቸው አገሮች ነው። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንና ረግቶ እንደ መስታወት የሚያንሸራትተውን በአንድ «በረዶ» ያጠቃልላቸዋል፤ ለጎማ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፣ የእኛ ጭቃ ደግሞ አራተኛ ነው። ትልቁ ልዩነት በጎማው ጥርስ ላይ ይታያል። በበረዶ አገር ለስላሳው በረዶ በጥርሶቹ መካከል ሲጠቀጠቅ ከመንገዱ በረዶ ጋር ስለሚያያዝ ጎማውን ያግዘዋል። ጭቃ ግን ጥርሱን አንዴ ከሞላው ጎማው እንደተላጨ ይቆጠራል፣ እስኪራገፍም ድረስ መያዣ የለውም። ስለዚህ የበረዶ አገር ምክር ስለ ክብደት፣ ስለ ዳገትና ስለ ፍሬን የሚለውን እንዳለ መቀበል ይቻላል፤ ስለ ጎማ የሚለውን ግን እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል።

አራቱ ጎማዎች የሚሰጡት ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። መኪናዋ 2,000 ኪሎ ትመዝናለች፣ ክብደቷም በፊትና በኋላ እኩል ተከፍሏል እንበል፤ ባትሪያቸው ወለል ሥር የተነጠፈ መኪኖች ከዚህ ብዙ አይርቁም። የሚያንሸራትት ቀይ አፈር ላይ ጎማ የሚያገኘው መያዣ ከተጫነበት ክብደት አንድ አምስተኛ ነው ብለን ብናስብ፣ የኋላ ጎማዎች 1,000 ኪሎ ተሸክመው መግፋት የሚችሉት 200 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ደግሞ መኪናዋን ወደ ታች የሚስባት በዚያው በ200 ኪሎ ነው። ጭቃው ራሱ ጎማውን የሚይዝበት ሲጨመር የኋላ ጎማ መኪና እዚያው ቆማ ትሾራለች ማለት ነው። አራቱም ጎማዎች ሲሠሩ የሚገኘው 400 ኪሎ ስለሆነ ባለ ሁለት ሞተሯ ትወጣለች። በዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የኋላ ጎማ መኪና ከዚህ ሒሳብ ጥቂት ትሻላለች፣ የፊት ጎማ መኪና ደግሞ በዚያው ምክንያት ትብሳለች፤ ቢሆንም ከአራቱ ጎማ ጋር ያለውን ልዩነት አይዘጋውም።

ቁልቁለት ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ አራቱንም ጎማዎች ስለሚይዝ፣ ሁለተኛው ሞተር እዚህ ላይ የሚጨምረው መያዣ የለም። በዚያው አፈርና በዚያው ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትወርድ መኪና፣ ባለ አንድም ሆነች ባለ ሁለት ሞተር፣ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ትፈልጋለች፤ ደረቅ አስፋልት ቢሆን 6 ሜትር ይበቃት ነበር።

ይህን ከወረቀት በፊት ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከአለታ ወንዶ አስፋልቱን ለቅቀን ወደ ዘመድ ቤት ስንሄድ እኔ የኋላ ሞተር ያላትን መኪናዬን፣ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ባለ ሁለት ሞተሯን ይዘን ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ያባራበት፣ አፈሩ ከላይ ደርቆ ከሥር እንደ ሳሙና የሚሆንበት ሰዓት ነበር። የዳገቱን እኩሌታ ከወጣሁ በኋላ የመኪናዋ ኋላ በዝግታ ወደ ቦዩ መንሸራተት ጀመረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የመንሸራተቻው ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል፣ እግሬ ፔዳሉን ወለል ድረስ ረግጦ ሳለ ኮምፒውተሩ ኃይሉን ቆርጦ መኪናዋ ዝም አለች። በአጥራቸው ላይ ሆነው ያዩን አንድ አባት ወርደው «ልጄ፣ መሪውን አትጠምዝዝ፤ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ መልሳት» አሉኝ። እንዳሉኝ አድርጌ፣ ሰፈርተኛው ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እያቀበለኝ፣ በሦስተኛው ሙከራ ወጣሁ። ወንድሜ ግን ከኋላዬ ምንም ሳይቸገር ወጥቶ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ በዚያው ዳገት፣ አሁን ቁልቁለት በሆነው፣ ጠዋት በቀላሉ መውጣቱን ተማምኖ ፈጠን ብሎ ሲወርድ ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ ቦዩ ውስጥ ገብታ የቆመች በአንድ ጎኗ ተጋድማ ነው። እንደ እግረኛ በዝግታ የወረድኩት እኔ አልሳቅሁበትም፤ እስከ ምሽት ስንገፋ ነበር የቆየነው።

ከዚያች ቀን የተረዳሁት ሌላው ነገር የሆድ ከፍታ ነው። የጭነት መኪኖች በቆፈሩት ቦይ መካከል የቀረው የአፈር ክምር የመኪናዋን ሆድ ከነካ፣ ክብደቷ ከጎማዎቹ ወደ ሆዷ ስለሚዛወር ሁለትም ሆነ አራት ጎማ ቢሽከረከር ትርጉም የለውም፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ያ ሆድ ባትሪው ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ ሞተር ተጨማሪ ብር ከመክፈል በፊት፣ መኪናዋ ሰዎችንና ዕቃ ጭና ከመሬት ምን ያህል እንደምትርቅ መለካት ይቀድማል።

ጎማ ከሞተር ብዛት ያላነሰ ነገር ነው፤ በእኔ ግምት እንዲያውም ይበልጣል። ከቀዝቃዛ አገር ተገዝታ የመጣች መኪና አንዳንዴ የክረምት ጎማዋን እንደያዘች ትገባለች፤ ይህን ጎማ ከጎኑ ላይ ባለው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ ባለው የበረዶ አበባ ምልክት መለየት ይቻላል። የክረምት ጎማ የሚሠራው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ሆኖ ከለስላሳ ጎማ ስለሆነ፣ በሐዋሳ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም መኪናዋን በቶሎ አያቆማትም። ለእኛ መንገድ የሚሻለው ጥርሱ ጥልቅና ክፍተቱ ሰፊ የሆነ፣ ጭቃውን እየዞረ የሚተፋ ጎማ ነው። እዚህ ላይ የአይዲ 4 ገዢ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፦ የፊት ጎማዎቿ ስፋት 235፣ የኋላዎቹ 255 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጎሚስታው የፊቱን ወደ ኋላ እያፈራረቀ ዕድሜያቸውን ማስተካከል አይችልም፤ በኋላ ሞተሯ ላይ ደግሞ ቀድመው የሚያልቁት የሚገፉት ሰፊዎቹ ናቸው። መኪናዋን ከመግዛት በፊት ሁለቱም ልኮች በከተማው ጎማ ቤቶች መኖራቸውን ዞሮ መጠየቅ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

በወጪ በኩል የኋላ ሞተሯ ታሸንፋለች። ስትገዛ ትረክሳለች፣ ሁለተኛውን ሞተርና ተከታዮቹን ስለማትሸከም ትቀላለች፣ በአንድ ቻርጅም ጥቂት ርቃ ትሄዳለች። ርቀቱ ደጋ ለሚወጣ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስትሆን የሁላ ወረዳዋ ሀገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ከነተሳፋሪዋ 2,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ለመውጣት ብቻ፣ መደበኛው የመንገድ ፍጆታ ሳይቆጠር፣ ከባትሪዋ ከ6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ትበላለች። ሲመለሱ ሞተሩ መኪናዋን እየገታ ከዚያ ላይ የተወሰነውን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል።

ይኸው የሞተር መግታት ግን ለኋላ ጎማ መኪና ነጂ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ አንድ ሞተሯ የምትገታው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ስለሆነ፣ በሚያንሸራትት ኩርባ ላይ እግርን ከፔዳል በድንገት ማንሳት ኋላዋን ሊያስወነጭፍ ይችላል። በአይዲ 4 ላይ ማርሹን ከ«ቢ» ወደ «ዲ» መመለስ ግታቱን ያለዝበዋል፤ ለጭቃ ቁልቁለት የምመክረው ይህንን ነው። ባለ ሁለቷ ግታቱን ለፊትም ለኋላም ማከፋፈል ስለምትችል በዚህ በኩል ትረጋጋለች።

አሁንም በነዳጅ የምትሠራ ያገለገለች መኪና የሚገዙ አሉ፤ ለእነርሱ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሃይሉክስን በመሰለ ፒካፕ ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላው ዘንግ በብረት ስለሚቆለፍ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ እንዲህ አድርጎ መንዳት ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል፤ ጭቃው ሲያልቅ ማውጣት ግድ ነው። በባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ መኪና ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኝ ብረት የለም፣ የሚያስማማቸው ኮምፒውተር ስለሆነ ነጂው የሚያስታውሰው ነገር የለውም። በአንጻሩ ባዶዋን የምትሄድ የኋላ ጎማ ፒካፕ ሞተሯ ከፊት ሆኖ ኋላዋ ስለሚቀል፣ ከኤሌክትሪኳ ይልቅ በጭቃ ትቸገራለች፤ ነጂዎች የአሸዋ ከረጢት ከኋላ የሚጭኑት ወደው አይደለም።

ስለዚህ ውሎው ከፒያሳ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጉዞው ወደ ሻሸመኔና ወደ አዲስ አበባ ለሆነ ሰው የኋላ ሞተሯን እመርጥለታለሁ፤ የዋጋውን ልዩነት ግማሹን ለጥሩ ጎማ ያውለው። በክረምት በየሳምንቱ ወደ ቡና ማጠቢያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ትምህርት ቤት አስፋልት ለቅቆ የሚወጣ ሰው ግን ሁለተኛውን ሞተር ያለ ማመንታት ይግዛ፤ በዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ዝናቡ እስኪያባራና መንገዱ እስኪጠና ግማሽ ቀን መታገሥ ከሁለተኛ ሞተር ይረክሳል።

ባለ ሁለት ሞተር ተብላ የቀረበችውን አይዲ 4 ደግሞ ከኋላዋ በተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ አትቀበሏት፤ ጽሑፍ ይለጠፋል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ፣ ከፊት ጎማው በስተጀርባ በስልክ መብራት እያያችሁ፣ ከመሃል ወደ ጎማው የሚመጣ ዘንግና ጫፉ ላይ የተሸበሸበ ጥቁር ላስቲክ መኖሩን አረጋግጡ። ዘንጉ ከሌለ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞራቸው ሞተር የለም።