የጅማው የቀድሞ ወታደሮች ክበብ፦ ቡናው ደህና፣ ከረንቡላው የታመመ

ቡናው አሁንም የጅማ ቡና ነው፤ በጀበና፣ ተቆልቶ ወዲያው የተወቀጠ። ጥብሱ ግን ከሰዓት በኋላ አይታዘዝ፣ የጠዋቱን ነው የሚያሞቁት።

ሰው የሚሄደው ለከረንቡላው ነበር። አሁን ጠረጴዛው ወደ በሩ ያዘነብላል፦ ኳሷን መሃል ላይ ቢያስቀምጧት በዝግታ ትንከባለላለች። ጥፋቱ የጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ምስማሩ ዙሪያ ዝጎ ያፈሳል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ቶሎ አያባራም፤ ጨርቁ እርጥበት ሲጠጣ ኳሷ ትጎተታለች። እግሩ ሥር ካርቶን መወተፍ ዋጋ የለውም፣ ካርቶኑም ይርሳል። መጀመሪያ ቆርቆሮውን መቀየር፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን በውኃ ልክ ማስተካከል፣ ጨርቁን መጨረሻ ላይ መወጠር ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አዲሱም ጨርቅ ክረምቱን አይዘልቅም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? መዋጮው ሳስቷል። አብዛኞቹ አባላት በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት ናቸው፤ ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረው ዛሬ 55 ሞልቶታል። አንድ ሲቀበር በምትኩ የሚመዘገብ የለም፤ ወጣቱ ፑል ቤት ነው። አዳራሹን ለሠርግ ማከራየቱ ብር ያመጣል፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ሽማግሌዎቹን ወንበር ያሳጣቸዋል። እዚህ ላይ ኮሚቴው ተሳስቷል።

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሂዱ። የዳማው ጠጠር የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ ጋሼዎቹ ግን ምሕረት አያውቁም።