የራዲያተር ቬንትሌተርን በክላምፕ ሜትር መመርመር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦን ሳይቆርጡ በመንጋጋ አቅፎ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ (አምፔር) የሚለካ መሣሪያ፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) አምፔርን በመንጋጋው ይለካል ወይ? ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ በመንጋጋቸው የሚለኩት ኤሲን (የቤት መስመር ዓይነቱን) ብቻ ነው፤ የመኪና ሽቦ ላይ ሲያደርጓቸው የሚረባ ንባብ አይሰጡም። የእኔ ሁለቱንም ይለካል። ለወራት በዋናነት የተገለገልኩበትም የራዲያተር ቬንትሌተር ለምን እንደማይሠራ ወይም ለምን እንደደከመ ለማወቅ ነው።

የገዛሁት መኪናዬ ቆሞ ሲሠራ ሙቀቱ መጨመር፣ መንገድ ላይ ሲሮጥ ደግሞ መለስ ማለት ስለጀመረ ነበር። እንዲህ ያለ ጠባይ በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው ቬንትሌተሩን ነው። መኪናው ሲሮጥ ከፊት የሚገባው ነፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ከቬንትሌተሩ በቀር ረዳት የለውም። የአየር ማቀዝቀዣውን ስከፍት ቬንትሌተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን አዟዟሩ ዘገምተኛ ነበር። ያየው መካኒክ የቬንትሌተሩ ሞተር ይቀየር አለ።

መሣሪያው ዋጋውን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። የቬንትሌተሩን ሶኬት ነቅዬ ቮልቱን ስለካ ከ12 በላይ አገኘሁ። ይህ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። ቮልት መለኪያ ከሽቦው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም ስለማይቆጠር፣ በዝገት ተበልቶ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያል። እውነቱ የሚወጣው ሞተሩ ተሰክቶ ጭነት ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ፤ መንጋጋውንም በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ገጠምኩ። ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ካስገቡ መግነጢሳዊ ኃይላቸው እርስ በርሱ ስለሚሻር ንባቡ ዜሮ ይሆናል። አምፔሩ አነስተኛ ነበር፤ በሶኬቱ ጀርባ የለካሁት ቮልትም 8 ገደማ፤ በዚያው ሰዓት ባትሪው ላይ ከ13 በላይ ነበር። ሞተሩ ተርቧል እንጂ አልታመመም! ቮልቱ የት እንደቀረ ከባትሪው ጀምሬ በየመገጣጠሚያው ስከታተል፣ የሪሌው (በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) መሰኪያ ጠቁሮና ቀልጦ አገኘሁት። መሰኪያውንና ሪሌውን ቀየርኩ፤ ያው አሮጌ ሞተር እስከ አሁን ይሠራል።

የወንድሜ መኪና ተቃራኒውን አሳየኝ። ፊውዙ በተደጋጋሚ ይቃጠል ነበር። አዲስ ፊውዝ አስገብተን ስንለካ፣ ቬንትሌተሩ ከተነሣ በኋላም አምፔሩ አልወርድ ብሎ ወደ ፊውዙ አቅም ተጠጋ። ሶኬቱን ነቅለን በእጅ ስናዞረው ከበደን፤ ኩሽኔታው ደርቋል። እዚያ ሞተሩ መቀየር ነበረበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፊውዙን በትልቅ መተካት ሽቦውን ለእሳት መስጠት ነውና ማንም አያድርገው። ሙሉ ቮልት ሞተሩ ደርሶ፣ የኔጋቲቩ መስመርም ደህና ሆኖ አምፔሩ ዜሮ ከሆነ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀዋል ወይም የሽቦ ጥቅልሉ ተበጥሷል ማለት ነው። ቮልቱ ጨርሶ ካልደረሰ ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሪሌውና ወደ ሙቀት ሴንሰሩ መሄድ ነው።

የቬንትሌተር ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት የሚስበው አምፔር ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእኔ መሣሪያ ያንን ከፍተኛ ንባብ የሚይዝ ቁልፍ አለው፤ እኔ ያለዚህ ቁልፍ አልገዛም።

የማልወድለት ነገርም አለ። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ዜሮ ማድረጊያውን መጫን ግድ ነው፤ ካልተጫነ ባዶ መንጋጋ እንኳ ቁጥር ያሳያል። መንጋጋው ወፍራም ስለሆነ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ባለው ጠባብ ቦታ ሽቦውን ለመያዝ ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ የምለካው ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ቀረብ ብዬ ነው። የስክሪኑ መብራት ቶሎ ይጠፋል። መኪና ቆሞ ባትሪ የሚያደክመውን ጥቃቅን ፍሳሽ ለመፈለግም አልመክረውም፤ ለዚያ የሚበቃ ጥራት የለውም።

አንዳንድ መኪኖች ላይ ቬንትሌተሩ ቁልፉ ተዘግቶም በድንገት ሊነሣ ይችላል፤ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። የቬንትሌተራቸው ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ሞጁል በሚመራ አዳዲስ መኪኖች ላይ አምፔሩ ከፍጥነቱ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ቬንትሌተሩን በሙሉ ፍጥነት እንዲዞር የሚያዝ የኮምፒውተር መመርመሪያ አብሮ ያስፈልጋል። በሪሌ ለሚነሣ ተራ ቬንትሌተር ግን ይህ መሣሪያ በቂ ነው፤ ቢበላሽብኝም ያንኑ ዓይነት እገዛለሁ።