ቦቢና ለአሮጌ መኪና፦ አዲስ ፎርጂድ ወይስ ያገለገለ ኦርጅናል?

ደሴ ላይ ዲኤክስ ወይም ላዳ የያዘ ወዳጄ ሁሉ ጠዋት መኪናው እምቢ ሲለው ይደውልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ እሳት ግን የለም። አዲስ ቦቢና ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» ቦቢና ማለት የባትሪውን 12 ቮልት ሻማው እሳት እንዲሰጥ ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚቀይረው ዕቃ ነው።

እኔ ያገለገለ ኦርጅናል ነው የምለው። አዲስ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ፎርጂድ ናቸው።

ግን ቶሎ ብላችሁ ብር አታውጡ። ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ሲወርድ እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጡ ይረጥባል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሞክሩት። ቁልፉን ስታዞሩ ተነስቶ፣ ስትለቁት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነም ቦቢናውን አትንኩት። ጥፋቱ የኳድሮው (የቁልፍ ማዞሪያው) ወይም ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፤ ሬዚስተር ደግሞ ከቦቢና በብዙ ይረክሳል።

ከዚያ ወደ ቦቢናው የሚመጣውን ሽቦ በ12 ቮልት አምፖል ፈትሹ። ሬዚስተር ካለው ከሬዚስተሩ በፊት ይሁን። የድሮ የፍሬን መብራት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ ማሰር ይበቃል፤ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ያላችሁም አምፖሉን አትናቁ። የዛገ ሽቦ ቴስተር ላይ 12 ቮልት እያሳየ፣ አምፖል ሲታሰርበት ሊፈዝ ይችላል።

አሁን ወደ ዋጋው። ባለፈው ፒያሳ አካባቢ ስጠይቅ ፎርጂዱን 1,200 ብር አሉኝ፤ ከተፈታ መኪና የወጣውን ኦርጅናል 1,800። ልዩነቱ 600 ብር ነው። ተከራክራችሁ 400 ልታደርሱት ትችላላችሁ፤ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ላይ አየር አለበት። ሰው ይቺን 600 ብር ለማትረፍ ነው ፎርጂድ የሚገዛው። የመካኒክ የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈልን ግን አይደምርም።

የአክስቴ ልጅ አዲሱን ነበር የገዛው። ሻጩ «አብሽር፣ ኦርጅናል ነው» ብሎታል፤ ካርቶኑ ላይም የጃፓን ስም አለ። ከተማ ውስጥ ምንም አላለውም። ከኮምቦልቻ ሲመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ቀጥ አለ። ሲበርድ ይነሳል፣ ትንሽ ወጥቶ እንደገና ይጠፋል። በመጨረሻ ተጎትቶ ገባ፤ የጉተታው ሂሳብ ሌላ ቦቢና ይገዛ ነበር። ሱቁም የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም አለው።

በቴስተር ስንለካው ነገሩ ገባን። ሬዚስተር የሌለው መኪና ከፖዘቲቭ እስከ ኔጌቲቭ 3 ኦም አካባቢ ያለው ቦቢና ይፈልጋል። ይሄኛው 1.5 ነበር፤ ሬዚስተር ላለው መኪና የሚሆነው ማለት ነው። ያለ ሬዚስተር ሲገባ ከ4 አምፔር ወደ 8 ይዘላል። ቦቢናው ይግላል፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ኮንታክትም ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ያገለገለም ቢሆን ዝም ብሎ አይወሰድም። የደከመ ቦቢና ሲበርድ ጤነኛ መስሎ ሲግል ይከዳል። ስለዚህ መኪናው ላይ አስሮ ግማሽ ሰዓት ሞተሩን የሚያስሠራላችሁ ሻጭ ፈልጉ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አናቱ ላይ ዘይት ያፈሰሰ፣ ወይም ወፍራሙ የእሳት ሽቦ የሚሰካበት መሐል ቀዳዳው አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያለበት ከሆነ በነፃም አትውሰዱት። ከመሐሉ ቀዳዳ እስከ ፖዘቲቭ ብዙ ሺህ ኦም ማንበብ አለበት። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል።

ኦሙ የሚገጥም ፎርጂድ ካገኛችሁ ለመጠባበቂያ ኮፈን ሥር አስቀምጡት፤ ቤት ያደርሳችኋል።

ከኮንታክቱ ጋር የሚታሰረው ኮንደንሰር ላይ ግን ምክሬ ይገለበጣል። ያገለገለ ኮንደንሰር አትግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከደከመ ግን እሳቱን ያሳንሳል፣ አዲስ ኮንታክትም ይበላል። ሁለት አዲስ ገዝታችሁ አንዱን ዳሽቦርድ ውስጥ ጣሉት።