ስምንት ወር ከሞሲን ናጋንት ጋር፦ የሠራልኝና ያበላሸሁት

እጄ ሲገባ ግራሶ ውስጥ ተነክሮ የከረመ ዱላ ነበር የሚመስለው። በፈረንጆቹ 1938 ላይ ሩሲያ፣ ኢዝሄቭስክ ከተማ የተሠራ፣ 91/30 የሚባለው ዓይነት የሞሲን ናጋንት ጠመንጃ ነው። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለችው የፋብሪካው ቀስት አሁንም ጥርት ብላ ትታያለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ስለሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ የ1942 እና የ1943ቶቹ ላይ የመቁረጫው ጭረት በዓይን ይታያል፣ ያኔ ለማሳመር ማን ጊዜ ነበረው። ፈቃዱ በስሜ ነው፣ የምተኩሰውም ተኩስ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። የፈለግኩት ይሄን ሽማግሌ ቤት ውስጥ ነካክቼ 100 ሜትር ላይ በቅጡ እንዲመታ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። አምስት ጥይት፣ 16 ሴንቲ ሜትር ተበታትኖ፣ ያውም ካነጣጠርኩበት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ። ከአራተኛው ጥይት በኋላ ደግሞ መቀርቀሪያው አልከፈት አለኝ። በመዳፌ ብመታው፣ ብመታው፣ ወይ ፍንክች።

ጥፋቱ የግራሶው ሆኖ ተገኘ። ብረት ብረቱን በላምባ አጥቤ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ውስጥ አሮጌው ግራሶ ደርቆ እንደ ቀለም ተለጥፎ ቀርቷል። ሲሞቅ ይለሰልስና ቀለሃውን ይይዘዋል። የነሐስ ብሩሽ ድሪል ላይ አስሬ፣ በዝግታ እያዞርኩ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ፈተግኩት። አሁን በሁለት ጣት ይከፈታል። ስለ ሞሲን መቀርቀሪያ ከሚወራው ሐሜት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። እንጨቱን ግን ላምባ አላስነካሁትም። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ አስተኛሁት፣ ላቡን ሲያወጣ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እንደገና እጠቀልላለሁ። አራት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ተልባ ዘይት ጠጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከማይታይ ቦታ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ ከካዝናው ፊት፣ ሌላው ከኋላ። የኋላውን ሳጠብቅ በሌላ እጄ በርሜሉን ይዤ ነበርና ብረቱ ሲታጠፍ ተሰማኝ። ትንሽ ነው፣ ግን ይታጠፋል። ለካ የኋላው መቀመጫ ተበልቶ ዝቅ ብሏል። ባጠበቅኩት ቁጥር ብረቱ እንደ ቀስት ይወጠራል፣ በተኩስ ብዛት ብሎኑ ሲላላ ደግሞ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከነሐስ ላሜራ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁ። የፊንላንድ ጦርም ሞሲኖቹን ሲያስተካክል እንዲህ ያለ የነሐስ ቁራጭ ያስገባ ነበር፣ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቀጥሎ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መሀል አሳለፍኩ። መሀል ላይ በግራ በኩል ያዘው። ያቺን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ከውስጥ በኩል አነሳኋት። ጫፉ አካባቢ ስስ ቡሽ ከበርሜሉ ሥር አስቀመጥኩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዚያው ጥይት፣ 9 ሴንቲ ሜትር!

ከፍ ብሎ መምታቱ ደግሞ የጠመንጃው ጥፋት አይደለም። 91/30 ሲስተካከል ሳንጃው ተሰክቶ ነው፣ እኔ ያለ ሳንጃ ነው የምተኩሰው። የፊት ማነጣጠሪያውን መቀየር ትችላላችሁ። እኔ ግን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የገፈፍኩትን ልባስ ቀንድዋ ላይ አጥልቄ አስረዘምኳት። ስትረዝም ጥይቱ ይወርዳል። ትርፉን በምላጭ (የጢሙን ማለቴ ነው) እየቆረጥኩ ልኩ ላይ አደረስኩት። ስምንት ወር ሙሉ አልወለቀም።

አሁን ወዳበላሸሁት። የተኩሱ ምላጭ ከባድ ነው፣ ሲሳብ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ነው። እጄን በላኝና ሞረድ አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ሞረድኩት፣ ቅቤ ሆነ! ደስ አለኝ። ከዚያ ባዶውን መቀርቀሪያውን በኃይል ወደፊት ገፋሁት፣ ምላጩን ሳልነካ ቋ ብሎ ተኮሰ። ጥይት ቢኖርበትስ? የሞረድኩትን ክፍል አውጥቼ ጣልኩት፣ ሌላ ገዝቼ የሚነካካውን ፊት በዘይት ድንጋይ ብቻ አለሰለስኩት። ሞረድ የሚባል ነገር ወደዚያ አታስጠጉ፤ ከነካካችሁ በኋላም መጀመሪያ በባዶ እንዲህ እየገፋችሁ ፈትኑት።

ሁለተኛው ጥፋት ስንፍና ነው። ርካሹ የጦር ትርፍ ጥይት መቀስቀሻው ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ ውኃ ይፈልጋል። አንድ ምሽት ደክሞኝ በዘይት ብቻ ጠርጌ ተኛሁ፣ ጠዋት አፈሙዙ ብርቱካናማ ሆኖ ጠበቀኝ። ደግነቱ ላይ ላዩን ነበር። አሁን ከተኩስ በኋላ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ነው የማፈስበት፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት።

ጥይትም ለውጥ አለው። የእኔ በርሜል ውስጡ ሲለካ 7.91 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙ የሚሸጠው አረር ደግሞ 7.82። ሰፊ ጫማ ውስጥ ያለ ቀጭን እግር በሉት። 7.9 የሆነውን ስጀምር መበታተኑ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ወረደልኝ፣ ጥሩ ቀን ከሆነ 5 ተኩል።

ያልተስተካከለውም አለ። መጠበቂያው (ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) አሁንም ጉልበት ይጠይቃል፤ የኋላውን ጉብ ስቦ ማዞር በተለይ ብርድ ላይ ስቃይ ነው። ከአሥር ጥይት በኋላ በርሜሉ ሲሞቅ ምቱ ወደ ላይ መሸሽ ይጀምራል፣ ስለዚህ አምስት ተኩሼ ሻይ እጠጣለሁ።

የማነጣጠሪያ መነጽር ለምን አትገጥምለትም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አካሉ ሊበሳ፣ የመቀርቀሪያው ቀጥ ያለ እጀታም መነጽሩን እንዳይመታ ሊታጠፍ ነው። እስካሁን ያደረግኩት ሁሉ በአንድ ካቻቢቴ ተነቅሎ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ያቺ በብርጭቆ ወረቀት ያነሳኋት የእንጨቱ ቦታ ብቻ ስትቀር። ቀዳዳ አልጨምርበትም።