አዲስ ወይስ የታደሰ? ግራንድ ፒያኖ ደብረ ብርሃን ከመግባቱ በፊት

አጎቴ ከብዙ ዓመት የውጭ አገር ኑሮ በኋላ ተመልሰው ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠሩ። ሳሎኑ 5 በ6 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ። ገና ሶፋ እንኳ ሳይገባ አንዱን ጥግ እያሳዩ «እዚህ ግራንድ ፒያኖ ይቆማል» አሉኝ፤ ክሮቹ የተጋደሙት፣ ባለ ሦስት እግሩ ትልቁ ፒያኖ። ባለቤታቸው ደግሞ እዚያው ጥግ ረከቦታቸውን ሊያስቀምጡ አስበው ነበር። ጥጉ አንድ ነው።

ፒያኖ ስለማስተምር ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። አዲስ አበባ ወርደን ሁለት አገኘን። አንዱ አዲስ ነው፤ ከቁልፎቹ እስከ ጭራው ርዝመቱ 151 ሳንቲ ሜትር። ሌላው 186 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓን የተሠራ ነው። ሻጩ «ታድሷል፣ ከአዲስ አይለይም» ይላል። የተጠየቀው ብር ብዙም አይራራቅም። አጎቴ «አዲስ እያለ ማን አሮጌ ይገዛል?» አሉ። እኔ ግን ዛሬም የመንዝን ዳገት የሚወጡትን አሮጌ ላንድክሩዘሮች አሰብኩ።

ከአዲስነት በፊት ርዝመት ይታያል። ፒያኖ 88 ቁልፍና ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች አሉት። የወፍራም ድምፅ ክር መርዘም ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ መዳብ ይጠመጠምበትና እንዲከብድ ይደረጋል፤ በጣም ሲያጥር ግን ድምፁ ይደፈርሳል። በ151ዱ ላይ የግራ ጫፍ ቁልፎችን ስመታ ግም የሚል ነገር ሰማሁ። የትኛው ኖታ እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ማስጨነቅ ነበረብኝ። በ186ቱ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ወጣ። ልዩነታቸው 35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም።

ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ቁመቱ 131 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥሩ አፕራይት (ክሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ግድግዳ የሚጠጋ ፒያኖ)፣ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ብዙ ጊዜ ከትንሹ ግራንድ ይበልጣል። ግራንድ የሚያሸንፈው በጣት ስሜት ነው። ክሩን የሚመታው መዶሻ ከታች ወደ ላይ መትቶ በራሱ ክብደት ስለሚመለስ፣ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ በፍጥነት መምታት ይቻላል። ሳሎናችሁ 3 በ4 ከሆነ ማንበቡን እዚህ ላይ ተዉትና አፕራይት ፈልጉ። አልቀየምም።

የእኛ ሳሎን ሰፊ ስለሆነ ቀጠልን። የሁለቱን ፒያኖ ልክ ከካርቶን ቆርጠን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ይህን ሳታደርጉ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ስፋታቸው ያው ነው፣ 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። ለወንበሩና ለተቀማጩ ከፊት 1 ሜትር ጨመርን። ረጅሙም ገባ፤ ረከቦቱ ግን ወደ መስኮቱ ተሰደደ። በሩ አያሳስብም። እግሮቹ ተፈትተው በጎኑ ስለሚቆም በ80 ሳንቲ ሜትር በር ያልፋል። አሳሳቢው ደረጃ ነው። ትንሹ 260 ኪሎ፣ ረጅሙ 320 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቤታችሁ ጂ ፕላስ ዋን ከሆነ ታች ይቀመጥ። ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ያቺ 60 ኪሎ ልዩነት የተሸካሚዎቹ ፊት ላይ ትነበባለች።

ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ያስተጋባሉ፤ ረጅሙ ፒያኖ ደግሞ ጉልበት አለው። ለዚህስ አገራችን መድኃኒት አላት። ከሥሩ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ አንድ የመንዝ ባና ብትሰቅሉ ክፍሉ ይረጋጋል። ጣሪያችሁ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ግን የሐምሌን ዝናብ የሚያሸንፍ ፒያኖ እስካሁን አልተሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አየሩ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉምና እርጥበት ነው። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፒያኖ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መዋዠቅ አይወድም። ከክሮቹ ሥር ያለው ስስ የድምፅ ሰሌዳ በክረምት ሲያብጥ ክሮቹን ይወጥራል፣ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። በበጋ ይወርዳል። አዲሱም የታደሰውም ከዚህ አያመልጡም። ልዩነቱ የታደሰው የቆየ ድክመት ካለበት አየሩ ጎትቶ ያወጣዋል።

ስለዚህ የታደሰ ፒያኖ በበጋ እዩ። ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው መቃኛዎች ጠንካራ እንጨት ውስጥ ተሰክተው ነው የሚቆሙት። ክራር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መቃኛው ከላላ ቅኝቱ አይቆምም። የፒያኖ ክሮች በድምሩ ከ15 ቶን በላይ ጉልበት ይስባሉ። በክረምት እንጨቱ አብጦ የላላውን መቃኛ ሳይቀር ጨምድዶ ይይዛል፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ጥር ላይ ነው። እኛም ያየነው በጥር መሆኑ በጀን። አንድ ቃኚ ይዘን ሄደን መቃኛዎቹን በመፍቻው አንድ በአንድ ሞከራቸው። ጠበቅ ያሉ ናቸው። መቃኛዎቹ ከፋብሪካው በአንድ ደረጃ ብቻ የወፈሩ ናቸው። ክር በተለወጠ ቁጥር ወፈር ያለ መቃኛ ስለሚገባ፣ በጣም ወፍረው ካገኛችኋቸው እንጨቱ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው።

«ታድሷል» የሚለው ቃል ራሱ ይመርመር። አንዳንዱ ቀለም ተቀብቶና ተቃኝቶ ታደሰ ይባላል። አንዳንዱ የመዶሻው ሱፍና ክሮቹ ተለውጠውለታል። ሦስተኛው የድምፅ ሰሌዳውና የመቃኛው እንጨት ሳይቀር ወጥቶ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሻጩን «የቁልፎቹን ክፍል ሳብ አድርገህ አሳየን» አልኩት። «ይከፈታል እንዴ?» አለኝ። እሺ። ቃኚው ብሎኖቹን ፈትቶ እንደ መሳቢያ ሳበው። መዶሻዎቹ አዲስ ሱፍ ለብሰዋል፣ ክሩ የሚመታበት ቦታ ገና አልተቦረቦረም። ጥሩ ነው። ከቁልፎቹ ሥር ያለው አረንጓዴ ጨርቅ ግን ሦስት ቦታ ወንፊት ሆኗል። ብል! የሱፍ አገር ልጅ የብልን ሥራ ሲያይ አይሳሳትም። ጨርቁ በቀላሉ ይለወጣል፤ ዋናው ነገር «ከአዲስ አይለይም» የሚለው አባባል እዚያው ሞተ፤ ዋጋውም ወረደ።

የድምፅ ሰሌዳው ላይም አንድ ቀጭን ስንጥቅ አየን። አጎቴ ደነገጡ። ስንጥቅ ብቻውን ፒያኖ አይገድልም። የሚያስፈራው ስትመቱ የሚንጫረር ድምፅ ካለ ወይም ከሥሩ ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ከተላቀቁ ነው። ከሥሩ ተኝታችሁ በአግዳሚዎቹ አቅጣጫ የስፌት ክር ወጥሩ። መሐል ላይ በክሩና በሰሌዳው መካከል ትንሽ ክፍተት ካለ ሰሌዳው ሲሠራ የተሰጠውን ጉብታ አላጣም። የእኛ ነበረው። ዕድሜውን ከሻጩ አፍ አትስሙ፤ የብረቱ ማዕቀፍ ላይ ያለው መለያ ቁጥር የተሠራበትን ዓመት ያሳብቃል። ከውጭ በራሳችሁ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ በጣም አሮጌዎቹ ቁልፋቸው የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር አያልፍም።

አዲሱስ? ብል የለ፣ ስንጥቅ የለ፣ የዋስትና ወረቀት አለው። ዋስትናው እዚህ አገር ይሠራ እንደሆነ፣ ዕቃ ቢጎድል ማን እንደሚያመጣ ግን ጠይቁ። አዲስ ክር ይለጠጣል። የመጀመሪያው ዓመት ሦስት አራት ጊዜ መቃኘት ይፈልጋል፤ ክሩ በቅርቡ የተለወጠ የታደሰ ፒያኖም እንደዚያው። እኛ ቃኚ የምናመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አበል፣ አንዳንዴም አዳር። ይህን ዋጋው ላይ ደምሩት።

ስለ ብር ብዙ አልልም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ትናንት የሰማችሁት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ከውጭ ለማስመጣት የምታስቡ መጀመሪያ ትራንዚተር አነጋግሩ፤ ጉምሩክ ያገለገለውን በምን ዋጋ እንደሚተምነው ሳታውቁ አትላኩ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የሚመረምርላችሁ ቃኚ ካገኛችሁና መቃኛዎቹ ጠበቅ ካሉ፣ በተቀራረበ ብር ረጅሙን የታደሰ ከአጭሩ አዲስ አስበልጣለሁ። መርማሪ ከሌላችሁ አዲስ ግዙ፤ የዓይን ፍተሻ ብቻ ለታደሰ ፒያኖ አይበቃም። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሙቀት ነው ጠላቱ። ፀሐይ ከምትገባበት መስኮት አርቁት፣ የአየር ማቀዝቀዣ ፊት ለፊትም አታቁሙት።

አጎቴ 186ቱን ገዙ። የካቲት ላይ በአይሱዙ መጣ፣ በስድስት ሰው ገባ። የቤቱን አየር እንዲለምድ ሦስት ሳምንት ሳይቃኝ ተቀመጠ። «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተን ዝም ብሎ ሊጎለት?» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ የከሰል ምድጃው ከአጠገቡ እንዲርቅ ለመንኳቸው፤ ሙቀቱ እንጨቱን በአንድ ወገን ያደርቀዋል፣ ጭሱም ክሮቹ ላይ ይቀመጣል። እሱን እሺ አሉኝ። ክዳኑ ላይ ሲኒ እንዳይቀመጥም ተስማምተናል። ዕጣኑ ላይ ግን ገና እየተደራደርን ነው።