አሮጌው ራም ላይ መጨመር ወይስ ጥንዱን አንድ ላይ መግዛት?

ዴስክቶፕህ ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 (አራተኛው ትውልድ) ራም አለ እንበል። 16 ለማድረስ ሁለት መንገድ አለህ፦ ሌላ 8 መጨመር፣ ወይም አሮጌውን አውጥተህ በአንድ እሽግ የሚሸጥ ጥንድ መግዛት።

መጨመሩ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የኩባንያው ስም መለያየቱ ብቻውን ችግር አይደለም። ግን የአንዱ ፍጥነት 3200 የሌላው 2400 ከሆነ ሁለቱም በ2400 ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ለፈጣኑ የጨመርከው ብር ከንቱ ቀረ ማለት ነው። መጠናቸው ቢለያይስ? 4 እና 8 ብትሰካ ብዙ የኢንቴል ቦርዶች ከሁለቱም 4፣ 4 ወስደው በዱዋል ቻናል (ሁለቱን በአንድ ጊዜ እየተጠቀሙ፣ ፈጠን ባለ መንገድ) ያስኬዱና የተረፈውን 4 በነጠላ ይተዉታል። መጥፎ አይደለም። ዲዲአር3ን ከዲዲአር4 ጋር ግን በፍጹም አትሞክረው፤ ቮልቴጁም፣ ከታች ያለው ቁርጥ ቦታውም ይለያያል፣ በጉልበት ከገፋኸው ማስገቢያውን ትሰብረዋለህ።

የጥንዱ ጥቅም እርጋታው ነው። ፋብሪካው አብረው እንደሚሠሩ ፈትሾ ነው የሸጣቸው፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብተህ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) ስታበራ አብዛኛውን ጊዜ በተጻፈባቸው ፍጥነት ያለ ጣጣ ይነሳሉ። የተደባለቀ ራም ላይ ኤክስኤምፒ ስታበራ ግን ኮምፒውተሩ አልነሳም ሊል ይችላል፣ ወይም ደግሞ መሃል ላይ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ሴቭ ያላደረግከውን ሥራ ይዞብህ ይሄዳል።

እኔ ለቢሮ ሥራና ለብራውዘር ጨምር እላለሁ። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ጥንዱ ይሻላል። ከደባለቅክ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው፤ አንድም ስህተት ካሳየ አዲሱን ራም ለሻጩ መልስ።